«አንድ ፎቶ አይይዝም» ላላችሁን

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አንድ ፎቶ እንኳ አይይዝም!» አለኝ አንድ ወጣት፣ ዲስኬቱን በሁለት ጣቱ ጫፍ አንጠልጥሎ።

«መጽሐፍ ይይዛል» አልኩት። «ስልክህ ውስጥ ፎቶው ሺህ አልፏል፤ መጽሐፍ ስንት አለ?»

መልስ ስላጣ ሒሳቡን እኔው ሠራሁለት። የሸሚዝ ኪስ የምትገባው ባለ 3.5 ኢንች ዲስኬት ሁለት ፊት አላት። በየፊቱ 80 ክብ መስመር፣ በየመስመሩ 18 ክፍልፋይ፣ በየክፍልፋዩ 512 ባይት። ሲባዛ 1,474,560 ባይት ይመጣል። አንድ የአማርኛ ፊደል በዛሬው ዩኒኮድ ሲቀመጥ 3 ባይት ይፈጃል። በአንድ ገጽ 1,500 ፊደል ቢሰፍር፣ ለማውጫው የሚሄደው ተቀንሶ እንኳ ከ320 ገጽ በላይ ይገባል። አንድ ልብ ወለድ ነው። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ከነአባሪው ነው። የአንድ ዕድር የብዙ ዓመት ቃለ ጉባኤ ነው።

«እሺ፣ መጽሐፍ ትያዝ፤ ትንሽነቷን ግን አይካዱም» አለ።

«ከምን ሲያንስ?»

የዛሬ ልጅ መለኪያው ስልኩ ነው። የእኛ ዘመን መለኪያ ከዚያ በፊት የነበረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም ራማክ የሚባለውን ማሽን ሲያወጣ፣ ከሱ ጋር የመጣው የዓለም የመጀመሪያው የንግድ ሃርድ ዲስክ ነበር። (ከዚህ በታች ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዲያሜትራቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ሳህኖች ተደራርበው ይሽከረከሩበታል፤ ክብደቱ ከቶን በላይ ነበር። ማሽኑን በጠቅላላ ለመከራየት በወር 3,200 ዶላር ይጠየቅ ነበር። ያ ሁሉ ብረት የሚይዘው አምስት ሚሊዮን ቁምፊ፣ በዛሬው ልክ 3.75 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ሦስት ዲስኬት አይሞላም! አንተ በሁለት ጣት ያንጠለጠልካት ነገር ያንን ብረት ከፋብሪካ ወደ ሸሚዝ ኪስ ያወረደች ናት። ትንሽነቷ ነውሯ ሳይሆን ሥራዋ ነው።

ትውልዷን ባጭሩ ልንገርህ። የመጀመሪያዋ በ1971 ከአይቢኤም ወጣች፤ ስፋቷ 8 ኢንች፣ የምትይዘውም 80 ኪሎ ባይት ገደማ ነበር፤ ሥራዋ ለትልልቆቹ ሲስተም 370 ማሽኖች የመነሻ ፕሮግራም መጫን ብቻ። በ1976 ሹጋርት አሶሲዬትስ ባለ 5.25 ኢንችዋን አመጣ። በ1981 ሶኒ ጠንካራ ልብስ አልብሶ ወደ 3.5 አሳነሳት። በ1987 ባለ 1.44ቷ መጣች። ሶኒ በ2011 በአገሩ መሸጥ እስኪያቆም ድረስ አርባ ዓመት ሠርታለች። አንተ የያዝከው ስልክ አራት ዓመት ከቆየ ይገርምሃል።

ሁለተኛው ተረበኛ ደግሞ «ጩኸቷስ! ግርርር… ግርርር… ስትል ጎረቤት ይሰማ ነበር» ይላል።

ይሰማ ነበር። ጭንቅላቱ ከመስመር ወደ መስመር ሲራመድ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ነው። እኛም በጆሯችን እናነብበው ነበር። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ ከቆረቆረ፣ ዲስኬቷ ታማለችና ያለውን ቶሎ ገልብጥ ማለት ነው። ፍላሽህ ሊሞት ሲል ምን ይልሃል? ምንም። ማታ ሰክተህ ያየኸው ጠዋት የለም። እኛ ማስጠንቀቂያ ነበረን፤ ለዚያ ነው ጩኸቱን የምወድደው።

ያለፈው ሁሉ ደግ ነበር እያልኩ እንዳይመስልህ። በ1994 አዮሜጋ የተባለው ኩባንያ ዚፕ የሚባለውን ዲስክ ይዞ ሲመጣ፣ አንዷ ብቻዋን 100 ሜጋ ባይት ትይዛለች ተብሎ ሰባ ያህል ዲስኬት የጣለላት ሰው ብዙ ነው። ከዚያ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለው ድምፅ መጣ። ፈረንጆቹ የሞት ቀጭታ አሉት። የታመመ ማንበቢያ ጤነኛውን ዲስክ ይጎዳል፤ የተጎዳው ዲስክ ደግሞ ሌላውን ጤነኛ ማንበቢያ ሊያበላሽ ይችላል። በ1998 ተጠቃሚዎች ኩባንያውን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱት። ለዚፕ የማፈስሰው እንባ የለኝም።

«ቫይረስ ያመጣችብን እሷ አይደለችም ወይ?» የሚልም አለ።

አምጥታለች። በ1986 ከላሆር፣ ፓኪስታን የተነሣው ብሬይን የሚባለው ቫይረስ ዓለምን የዞረው በባለ 5.25ቷ ላይ ተሳፍሮ ነው። ግን ባለ 3.5ቷ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ መስኮት ነበረቻት። በጥፍርህ ገፋ አድርገህ ቀዳዳው ሲከፈት፣ ማንም ምንም ሊጽፍባት አይችልም፤ ማንበብ ብቻ። ፕሮግራም አይለምንህም፣ የይለፍ ቃል አትጠየቅም። አሁን ያንተን ፍላሽ አምጣና መስኮቷን አሳየኝ። ፎቶ ቤት ሰክተህ፣ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሰክተህ፣ ማታ ቤት ስትገባ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ የሚጠብቅህ መስኮት ስለሌላት ነው።

«ዓለም እኮ ከጣላት ቆየ!»

የትኛው ዓለም? የአሜሪካ መንግሥት ኦዲተሮች በ2016 ባወጡት ዘገባ፣ የአገሪቱን የኒውክሌር ኃይል የሚያስተባብረው ሥርዓት በሰባዎቹ በተሠራ የአይቢኤም ኮምፒውተርና በባለ 8 ኢንች ዲስኬት እየሠራ እንደነበር ጽፈዋል። የተቀየረው በ2019 ነው። ጃፓን ውስጥ ማመልከቻ በዲስኬት አስገቡ የሚሉ ከአንድ ሺህ በላይ ደንቦች ነበሩ፤ የያኔው የዲጂታል ሚኒስትር ታሮ ኮኖ በ2022 ጦርነት አውጀውባቸው፣ ድል የተባለው ገና በ2024 ነው። የሳንፍራንሲስኮ ከተማ ባቡር በ1998 የተከለው የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ጠዋት ጠዋት በባለ 5.25 ዲስኬት ይነሣ ነበር። እኔ ይህን እንደ ጀብድ አላወራም። መለዋወጫ የሌለው ዕቃ ላይ ከተማ ማንጠልጠል አደጋ ነው። ግን ለአሜሪካ ኒውክሌር የታመነች ነገር ለቀልድ አትሆንም።

የሚናቀው ዲስኬት ብቻ አይደለም። አንዲት የማውቃቸው እትዬ ደግሞ የጓሮ ጎመናቸውን ወፍ እንዳይነካው ሲዲ በክር አንጠልጥለውበታል። ሲዞር ያብረቀርቃል፤ ወፎቹ ይሸሻሉ።

«እትዬ፣ ወፍ የሚያባርርልዎ የማን ሠርግ ነው?» አልኳቸው።

«የምን ሠርግ?» አሉና አወረዱት። አንዱ ላይ በማርከር ተጽፏል፤ የልጃቸው ነው። የሌላውን ጽሑፍ ፀሐይ በልቶታል። የተበላው ደግሞ ጽሑፉ ብቻ አይደለም። ፋብሪካ የታተመ ሲዲ መረጃው በፕላስቲክ ላይ የተቀረጸ ጉድጓድ ነው፤ ሠርግ ቤት የሚቀዳው ግን መረጃው ቀለም ላይ ነው ያለው። ጨረር ያንን ቀለም አቃጥሎ ይጽፋል፤ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ቀስ እያለ ያንኑ ቀለም ያበላሸዋል። ወርቅና ብር እየመሰለ የሚያብረቀርቀው ገጽ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለወፍ የዘፈን ሲዲ ይስቀሉ፤ የዘፈኑ ብዙ ቅጂ አለ። ሠርጉ አንድ ነው።

ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣ ዘመድ ደግሞ ቡና ላይ ሆኖ «ካሴት ምን ከኮምፒውተር አገናኘው?» ብሎ ያዘኝ።

በደንብ ያገናኘዋል። በ1982 እንግሊዝ አገር የወጣው ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለ ርካሽ ኮምፒውተር ፕሮግራሙን የሚቀበለው ከተራ ቴፕ ነበር። ካሴቱን አጫውተህ፣ እየተንጫረረ አምስት ደቂቃ ያህል ትጠብቃለህ፤ ድምፁ ራሱ ነው መረጃው። ፊሊፕስ በ1963 ለሰው ንግግር ያወጣት ካሴት የስንቱ እንግሊዛዊ ልጅ የፕሮግራም ትምህርት ቤት ሆነች።

ይህን ስነግረው አላዳመጠኝም። «የእናቴ ድምፅ በካሴት አለኝ» አለ። በሰማንያዎቹ፣ ስልክ በደቂቃ እንደ እሳት በሚያቃጥልበት ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ሰው በሚመጣበት ሁሉ ካሴት ይላክ ነበር። እናት በአንድ ፊት ትናገራለች፤ በሌላው ፊት ዘመድ ተራ በተራ ሰላምታ ያቀርባል። «ግን ማጫወቻው የለኝም» አለ። «ስንቀይር ስንቀይር ጣልነው።»

የነገሩ ሁሉ እምብርት ይቺ ናት። ካሴቱ አልሞተም። የሞተው የሚያነበው ነው። ተረበኞች ሁሉ ዲስኬቷን፣ ካሴቱን፣ ዚፑን ሲሰድቡ ጠረጴዛ ላይ ያለችውን ይሰድባሉ። እሷ ግን የተሰጣትን አደራ ይዛ ቁጭ ብላለች። መጀመሪያ የጠፋው የማንበቢያው ማሽን ነው፤ ቀጥሎ ማሽኑን የሚጠግነው ሰው፤ ቀጥሎ ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም። እኛ አገር ደግሞ አራተኛ አለ፤ ፎንቱ።

አንድ ኮምፒውተር አዋቂ ነኝ የሚል ጎረምሳ የአንድ መሥሪያ ቤት ዲስኬቶችን አንብቦ ሪፖርት አቀረበ፦ «ዲስኬቶቹ ተነብበዋል፤ ፋይሎቹ ግን ተበላሽተዋል። ውስጣቸው የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ዝብርቅርቅ ነው።»

«ተበላሽተው አይደለም» አልኩት። «አማርኛ ናቸው።»

አላመነኝም። ላስረዳ። የዚያን ዘመን ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው። ከዚያ ላይ ለትእዛዝ የተያዘው ሲቀነስ የሚተርፈው ያንሳል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ቤት በ7 ብቻ 231 ነው፤ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ አሉ፤ እነ ሏ፣ ሟ፣ ሷ አሉ፤ ከ፩ እስከ ፼ ያለው ቁጥር አለ፤ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ድርብ ሰረዝ አለ። አይገባም! ስለዚህ ፕሮግራም ሠሪዎቹ በየፊናቸው መላ መቱ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው። ሌላው ግንዱን ለብቻ፣ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ አስቀምጦ ገጹ ላይ ገጣጠመው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ብራና፤ ሁሉም የራሱን ቁና ይዞ ገበያ እንደወጣ ነጋዴ ነበር። በአንዱ ‹ለ› የነበረው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ዝብርቅርቅ ላቲን ነው።

እነዚያን ሰዎች ማንም አይተርባቸው። ዓለም ለፊደላችን ቦታ ሳይሰጥ እነሱ በ256 ቀዳዳ ውስጥ አስገብተውልን አገር ጻፈበት። የነፃው ፕሬስ በእኛ አቆጣጠር በ1985 ከወጣው ዐዋጅ በኋላ ሲፈላ፣ ደብዳቤው፣ ውሉ፣ ግጥሙ፣ የምርምር ወረቀቱ ሁሉ በእነሱ ፎንት ተለቅሞ በዲስኬት ዞሯል። ዩኒኮድ ለኢትዮጵያ ፊደል ቋሚ ቦታ የሰጠው በ3.0 ዕትሙ፣ በ1999 ነው። ያ ከመሆኑ በፊት የተጻፈው ሁሉ፣ ከዚያ በኋላም ሰው እስኪለምድ ድረስ ለዓመታት የተጻፈው፣ ከፎንቱ ጋር ካልተያዘ ማንም አያነበውም። ቋንቋችን በኮምፒውተር የተጻፈበት የመጀመሪያው የልጅነት ዘመኑ ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። እኔ የማዝነው ለፕላስቲኩ አይደለም።

ዲስኬቷን ያንጠለጠለው ወጣት ተመልሶ «የኔ ሁሉ ክላውድ ላይ ነው፤ እኔን አያሠጋኝም» አለ።

«ማይስፔስንም እንዲሁ ያሉት ነበሩ» አልኩት። «ማን ነው እሱ?» አለ። መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ አለ! በአንድ ወቅት የዓለም ወጣት ዘፋኝ ሁሉ ሥራውን የሚጭንበት ድርጅት ነበር። በ2019 ከ2016 በፊት የተጫነው ሙዚቃ፣ ፎቶና ቪዲዮ ሰርቨር ሲዛወር መጥፋቱን አሳወቀ። የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራ ነው። ከዘፋኞቹ መካከል በቤቱ የቀረ ሲዲ የነበረው ዘፈኑ አለው፤ በሰው እጅ ብቻ ያስቀመጠው የለውም። በክላውድ አስቀምጥ፤ እኔም አስቀምጣለሁ። ግን አንድ ቅጂ እጅህ ላይ ይኑር።

«አሮጌ ዕቃ ማከማቸት በሽታ ነው፤ ጣለው!» የሚሉኝ ደግሞ በቤትም በመሥሪያ ቤትም አሉ። ለእነዚህ አንዲት ሴት አለችልኝ።

ናሳ በ1966 እና በ1967 ሉናር ኦርቢተር የተባሉ አምስት መንኮራኩሮችን ወደ ጨረቃ ልኮ ነበር፤ ሰው የሚያርፍበትን ቦታ እንዲመርጡ። ሥዕሉ ምድር ላይ ሲደርስ በትልልቅ ማግኔታዊ ቴፕ ተቀዳ። ያኔ ለሕዝብ የቀረበው ደብዛዛ ቅጂ ነው፤ ሙሉ ጥራቱ ቴፑ ላይ ቀረ። ዓመታት አለፉ፤ ቴፖቹ ይጣሉ ተባለ። በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ትሠራ የነበረችው ናንሲ ኢቫንስ አይጣሉም አለች። ቴፑን ብቻ ይዛ አልቀረችም። ቴፑን የሚያነቡትን ኤፍአር 900 የተባሉ፣ የፍሪጅ ቁመት ያላቸውን ማሽኖችም ፈልጋ አገኘችና በራሷ ጋራዥ አስቀመጠቻቸው። ዓመት በዓመት ላይ ሲቆለል እዚያው ነበሩ።

በኋላ ዴኒስ ዊንጎና ኪት ካዊንግ የሚባሉ ሰዎች ሰምተው መጡ። ማሽኖቹንና ከ1,000 በላይ ቴፖችን ጭነው ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የናሳ ኤምስ ማዕከል ወሰዱ። የተሰጣቸው ቦታ የተዘጋ የማክዶናልድ ምግብ ቤት ነበር። ሀምበርገር ይጠበስበት በነበረ ቤት ማሽኑን ከማሽን እየፈቱ፣ መለዋወጫ እየለቀሙ አስነሡት። በኅዳር 2008 ያወጡት የመጀመሪያ ሥዕል፣ ከጨረቃ አድማስ በላይ የምትታየው ምድር፣ በ1966 የተነሣችው ናት፤ ከ42 ዓመት በኋላ ከቀድሞው እጅግ ጠርታ ወጣች። ያቺ ሴት ቴፖቹን ብቻ አስቀምጣ ማሽኖቹን ብትጥል ኖሮ ሥዕሉ ዛሬ አይኖርም ነበር።

«እሺ ጋሼ፣ ምን ይደረግ ነው የሚሉት?» አለ ወጣቱ፤ አሁን ዲስኬቷን በመዳፉ ይዟታል።

መጀመሪያ መስኮቷን ክፈት፤ ማንም እንዳይጽፍባት። የብረት መዝጊያዋን ገፋ አድርገህ ውስጧን እይ፤ ሻጋታ ካለባት ማንበቢያው ውስጥ አትክተታት፣ ጭንቅላቱን ታበላሸዋለች፤ ለሚያጸዳ ሰው ስጣት። ኮምፒውተሩ «ይህ ዲስክ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅህ እሺ እንዳትል፤ ስንቱ መጽሐፍ የሞተው በዚያች እሺታ ነው። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከመቅዳት ይልቅ ዲስኬቷን እንዳለች፣ ከክፍልፋይ እስከ ክፍልፋይ፣ በአንድ የምስል ፋይል ገልብጥ። በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ አሁንም ይሸጣል። እሱ እምቢ ካለህ ግሪስዊዝል እና ክራዮፍለክስ የሚባሉ ሰሌዳዎች አሉ፤ በአሮጌ ማንበቢያ ላይ ተሰክተው ማግኔቱን ራሱን ያነባሉ። ደግሞ በዲስኬቷ ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈውን ፎቶ አንሣ፤ ብዙ ጊዜ የፎንቱ ስም የሚገኘው እዚያ ነው።

«አሮጌ ማንበቢያ ከየት ላምጣ?»

ከመሥሪያ ቤትህ ግምጃ ቤት! በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ቁጥር የተለጠፈባቸው ነጫጭ ኮምፒውተሮች ተደርድረው ሐራጅ ይጠብቃሉ። ከፊታቸው ላይ ያቺ አግዳሚ ቀዳዳ አለች፤ ማንበቢያው እሱ ነው። ሃርድ ዲስካቸው ውስጥ ደግሞ ጽሑፉ የተለቀመበት ፎንት ተቀምጧል። ዲስኬቷና ቁልፏ አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው፤ አንዷ መሳቢያ ውስጥ፣ ሌላው ግምጃ ቤት። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ «ይሄን ቆርቆሮ ለምን ፈለግከው?» ካለህ፣ የመሥሪያ ቤቱ የሠላሳ ዓመት ደብዳቤ በምን እንደሚነበብ እሱን ጠይቀው፤ መልስ ሲያጣ ማንበቢያውንና ፎንቱን አስፈርመህ ተረከብ፤ ቆርቆሮውን ይሽጠው።